ባሕር ዳር ስለተባለች አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም

እታለም፣ «ልጄ አስም አለበት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ልንዛወር ነው። ሐይቁ ዳር ብንከራይ አየሩ ይሻለዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁሉም «ነይ፣ ምን ጠፍቶ!» ብሎሻል። እኔ ጨዋማውም ውኃ ዳር ኖሬያለሁ፣ የኛውም ጣና ዳር ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ባስረዝመው አትቀየሚኝ።

ጅቡቲ ወደብ በትራንዚተርነት ሠርቻለሁ። እዚያ ጠዋት የመኪና መስታወት በጣትሽ ብትጠርጊ ነጭ ነገር ይይዝሻል፣ ብትቀምሺው ጨው ነው። የበር ማጠፊያ ሳይቆይ ይዝጋል። ሳንባዬም እንዲሁ እየዛገ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ግን የባሕር ጨው ብናኝ አብዛኛው ትልልቅ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ፒኤም 2.5 የሚሉት፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ነው። የፀጉርሽን ውፍረት ወደ 30 ቦታ ብትከፍይው አንዱን ያክላል። ወደብ ላይ እሱን በብዛት የሚተፋው መርከቡና የጭነት መኪናው ነው። የመርከብ ጥቁር ነዳጅ ድኝ አለበት፣ ሲነድ መጨረሻው ሰልፌት የሚባል ደቃቅ ብናኝ ነው። ቫናዲየምና ኒኬል የሚባሉ ብረቶችም አብረው ይወጣሉ፤ አጥኚዎች «ይሄ ብናኝ የመርከብ ነው» የሚሉት በነሱ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2020 የነዳጁ ድኝ ጣሪያ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 ወርዷል። ጨዉም ቢሆን የከተማ ጭስ ሲያገኘው ክሎሪኑን ይጥልና ናይትሬት የሚባል ሌላ ውሕድ ይሆናል፣ ጨው ሆኖ አይቀርም።

ጣና ላይ ይሄ ሁሉ የለም። የኛ ጣጣ ከጓሮ ነው የሚመጣው።

ከጅቡቲ እንደተመለስኩ ሐይቁ ከበረንዳ የሚታይ ቤት ተከራየሁ። ከአጥሩ ማዶ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤት ነበረችን፤ በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው የምትጋግረው። ምን ታድርግ፣ እንጀራዋ ነው። ነጩ መጋረጃችን በ2 ወር ቡኒ ሆነ፣ ሲታጠብ ውኃው ሻይ ይመስላል። እናቴ ከሞጣ መጥታ 3 ቀን ስታስል ሰነበተችና «ልጄ፣ እኔ ከጭስ ሸሽቼ መጣሁ ስል!» አለችኝ። የማገዶ ጭስ ብናኙ በጣም ደቃቅ ነው፤ ጥላሸት አለው፣ ፖታሲየም አለው፣ ካልተቃጠለ እንጨት የተረፈ ቅባት ነገርም አለው። ከሰልም ቢሆን ጭሱ ስላልታየ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ነፋሱም አያስተማምንም። ቀን ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍስና ደስ ይላል። ማታ ይገለበጣል። በተለይ ታኅሣሥና ጥር፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ጭሱ ወደ ላይ መውጣት ያቅተውና ጎህ ሲቀድ ከአጥር ከፍ ብሎ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። ከሩቅ የሐይቁ ጉም ይመስላል። አሽትቺው፣ ጭስ ነው።

ስለዚህ ቤት ስታዪ ከሰዓት በኋላ አትሂጂ፣ ደላላ የሚወስድሽ ያኔ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሂጂና ጓሮ ቁሚ። ከጎን ማን ምን እንደሚያነድ እዪ፣ የተከራዮቹ ማድቤት ከልጁ መኝታ መስኮት ምን ያህል እንደሚርቅ እዪ። ያንቺም ምጣድ የኤሌክትሪክ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰሉን ደጅ አንድጂው። የልጁን መድኃኒት ነገር ሐኪሙን ጠይቂ። እኔ አሁን ከሐይቁ ራቅ ብዬ ነው የምኖረው፣ ኪራዩም ይቀንሳል።