ኦቨንሽ የሚያጨሰው ካጠብሽው ወለል ስር ነው

ማራኪ የሚባለው ሰፈር የምትኖር አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች። «ጋሼ፣ ለጥምቀት እንግዳ በዝቶብን ድፎውንም የበግ ጥብሱንም ኦቨኑ ውስጥ ስናስገባ ሰነበትን። በዓሉ ሲያልፍ መብራት የሄደ ቀን በባልዲ ውሃና በበረኪና ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት። አሁን ውስጡ ያብረቀርቃል፣ ግን ሳበራው አስር ደቂቃ ሳይሞላ ከበፊቱ ብሶ ያጨሳል፣ እጀታውን ስነካው ደግሞ ይነዝረኛል። የላዩን ብቻ ሳበራ ጭስ የለም። በበሩ መስታወት መሀልም ቡናማ የወረደ ነገር አለ። ሁለተኛ እጅ ነው የገዛሁት፣ ሠሪም አንድ ጊዜ ነክቶታል። ምን ይሻለኛል?»

እንዴት ነሽሳ እህት ዓለም። መጀመሪያ ሂጂና ስፒናውን ንቀዪ፣ ከዛ ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ። ነቀልሽ? እሺ።

ሌላውን ባትጽፊውም «የላዩን ብቻ ሳበራ ጭስ የለም» ያልሽው ይበቃኝ ነበር። ጮማው ጣሪያው ወይ ግድግዳው ላይ ቢሆን የላዩም ሲበራ ያጨስ ነበር። የታችኛው ሲግል ብቻ ካጨሰ ጮማው ያለው የታችኛው ሬዚስታንስ፣ ያ የሚግለው ብረት፣ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ አንቺ ካጠብሽው ወለል ስር ነው የተኛው። ያ የሚያብረቀርቀው ወለል እኮ ክዳን ነው፣ በሁለት ብሎን የተያዘ ቆርቆሮ። የበጉ ጮማ በጠርዙ ሾልኮ ወረደ፣ አንቺ በላዩ ባልዲ ደፋሽበት፣ ውሃውም ጮማውን ተከትሎ ገባ፣ እዛ ደግሞ የሬዚስታንሱ ጫፍና ሽቦው አለ። ስለዚህ ጭሱም ንዝረቱም ከአንድ ጉድጓድ ነው የሚወጡት ባይ ነኝ።

አሁን ልቆጣሽ ነው። መብራት ሲሄድ ጠብቆ ኦቨን ማጠብ የሚባለውን ነገር ማን እንዳስተማረን አላውቅም፣ ግን ግማሹ ከተማ ያደርገዋል። መብራቱ እኮ ሲመለስ አያንኳኳም! እጅሽ በውሃ ርሶ ውስጥ ገብቶ እያለ ቢመጣስ? ማዞሪያው ኦፍ ላይ ነው እንዳትዪኝ፣ ብዙዎቹ ማዞሪያዎች አንዱን መስመር ብቻ ነው የሚቆርጡት፣ የኛ ስፒና ደግሞ ተገልብጦም ይሰካል፣ ከተገለበጠ ኦፍ ብለሽውም ሬዚስታንሱ ፌዝ፣ የሚነዝረውን መስመር ማለቴ ነው፣ ይዞ ቁጭ ይላል። መብራት ኖረም አልኖረም ስፒናው ይነቀል። የላይኛው ምድጃ በጋዝ ከሆነም ሲሊንደሩን ዝጊ።

ሽቦ መደርደሪያዎቹን አውጪና ሙቅ ውሃና ኦሞ ያለበት ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፊያቸው፣ እነሱ ቀላል ናቸው። ከዛ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይዘሽ ወለሉን አንሺው። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ ከኋላ በኩል ጥግ ጥጉ ላይ ናቸው፣ አንዳንዱ ላይ ከፊት። እምቢ ካሉ ዘይት ጠብ አድርጊባቸውና ቡናሽን ጠጥተሽ ተመለሺ፣ በጉልበት እንዳትታገዪያቸው፣ የዘንድሮ ብሎን ቅቤ ነው ጭንቅላቱ ወዲያው ይበላል። አንዱ ብሎን ጠፍቶ ወለሉ በቀጭን ሽቦ ታስሮ ብታገኚው አይግረምሽ፣ ሠሪ ነክቶታል ብለሻላ። ወለሉ በደንብ ካልተያዘ ሲሞቅ ይጎብጣል፣ ጮማው የሚገባውም በዛች ክፍተት ነው። ፎይል አንጥፎበት ከሆነ ደግሞ ያው በቃ። ባለፈው አንድ ሰው ያመጣልኝ ኦቨን ላይ ፎይሉ ከኢናሜሉ፣ ከሚያብረቀርቀው ልባጥ፣ ጋር ተጋብቶ ቁጭ ብሏል፣ ስፍቀው ኢናሜሉ አብሮ ሊነሳ ሆነ። ቆሻሻ እንዳይነካው ብሎ ነው ያደረገው፣ ሙቀቱን አፍኖ ወለሉን አቃጠለው። ፎይል እንዳታነጥፊ።

ይሄን ነገር ሳስረዳ ባለቤቴ «ደሞ ጀመረው» ትለኛለች፣ አንቺ ግን ታገሺኝ። አዲስ ምጣድ ስታሟሺ ምን ታደርጊያለሽ? ታሞቂዋለሽ፣ የተደቆሰ ጎመን ዘር ትበትኚበታለሽ፣ በማሰሻ ታሺዋለሽ፣ እስኪጠቁርና እስኪያበራ ደጋግመሽ። ያ የሚያበራው ጥቁር ነገር ዘይት ነው? አይደለም፣ በጣትሽ ብትነኪው አያወዛም፣ በጨርቅ ብትጠርጊው አይለቅም። ዘይቱ ሙቀትና አየር ሲያገኝ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው እንደ መረብ ተቆላልፈው ፈሳሽነቱ ቀርቶ ቫርኒሽ ሆኗል፣ እንጀራሽ የማይጣበቀውም ለዛ ነው። ኦቨንሽ ግድግዳ ላይ ያለው ቡናማ ነገርም ያው እሱ ነው፣ ምጣዱ ላይ ለፍተሽ ያመጣሽው እዚህ ሳትጠሪው መጣ። ላርጎ የማይነካው ለዚህ ነው፣ ላርጎ ዘይትን ከውሃ ያስማማል፣ ዘይትነቱን የተወ ነገር ግን አያውቀውም። ዘይትም ከዘይት ይለያል። ኑግ የሚበላበት ቤት ኦቨን ቶሎ ይለብሳል፣ ኑግ በባህሪው የሚደርቅ ዘይት ነው፣ ያ የሚረጋው ፓልም ግን እንደሱ ቶሎ አይደርቅም፣ የበግ ጮማም እንደዛው፣ ቀልጦ ይወርድና ስር ገብቶ ይጠብቅሻል። እና አሁን የሚያጨስብሽ የደረቀው ሳይሆን ያልደረቀው ነው። መረቡን የሚበጥሰው ደግሞ አልካሊ የሚሉት ነው። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ ሌላ ስላጡ ብቻ ይመስልሻል? አመድ ውስጥ አልካሊ አለ፣ ከጮማው ጋር ሲገናኝ ጮማውን ራሱን ሳሙና ያደርገዋል። ቤኪንግ ሶዳም የዛው ቤተሰብ ነው፣ ደካማው ልጅ ነው እንጂ። ደካማ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ያልደረቀውን ጮማ በፕላስቲክ ነገር፣ ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድም ይሆናል፣ እየጠረግሽ በጋዜጣ አውጪው። ከዛ ግማሽ ብርጭቆ ቤኪንግ ሶዳ በሦስት አራት ማንኪያ ውሃ አድርገሽ እንደ ወፍራም ሊጥ ለውሺና ወለሉንም ግድግዳውንም ቀቢው። ጓንት አድርጊ። ሬዚስታንሱን፣ የበሩን ጎማና ያቺን ከሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ከቴርሞስታቱ፣ የምትመጣ ቀጭን የመዳብ ቱቦ አታስነኪ፣ ቱቦዋ ከተሰበረች ወይ ክፉኛ ከታጠፈች ኦቨኑ ሙቀት መለካት ሊያቆም ይችላል። ማታ ቀብተሽ ጠዋት፣ አስራ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከዛ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጊ። የተጨመቀ ነው ያልኩት፣ ባልዲ እንዳላይ። ያልለቀቀ ካለ ድገሚው፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ይሰጣል።

ቲክቶክ ላይ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ ደፍተው አረፋው ሲፈላ የሚያጨበጭቡትን ተያቸው። ሁለቱ ተጣልተው ሁለቱም ሞቱ ማለት ነው፣ የሚተርፍሽ ጨዋማ ውሃ ነው። አቼቶ መጨረሻ ላይ ነጭ ነጭ የቀረውን ለመጥረግ ብቻ ነው። በረኪና ግን ጭራሽ አይግባ፣ ጮማ አይቆርጥም፣ ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ቀድሞ በበረኪና ስላጠብሽው በንጹህ ውሃ በራሰ ጨርቅ ሁለት ሦስቴ ሳትጠርጊ አቼቶ አታስጠጊው። ኮስቲክ ሶዳ የሚሉሽም አሉ፣ ይሠራል አልክድም፣ ግን ዓይንም ይበላል አሉሚኒየምም ይበላል፣ ለቤት አልመክርም።

ንዝረቱ ላይ ልምጣ። ውሃ ብቻውን አይነዝርም፣ ግራውንዱ፣ ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ፣ ቢኖር ኖሮ ያ የሾለከው ኤሌክትሪክ በሱ ይሄድ ነበር እንጂ በእጅሽ አይሄድም ነበር። ስፒናውን ፈተሽ አድርጊው፣ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ታገኚዋለሽ ብዬ እጠረጥራለሁ፣ «ብሬከር ስለሚያወርድ ቆረጥኩት» የሚሉ ሠሪዎች አሉ፣ እግዜር ይይላቸው። መልሰሽ እሰሪው። ስፒናውም ከነዛ 16 አምፒር ተጽፎባቸው ውስጣቸው እንደ ወረቀት ከሳሳው ከሆነ ቀይሪው፣ ኦቨን ከሁለት ሺ ዋት በላይ ይስባል፣ ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ቀልጧል ማለት ነው። ሶኬቱ ራሱ ግራውንድ ከሌለው ኤሌክትሪሺያን ጥሪ፣ እሱ በምክር የሚሠራ አይደለም።

ከዛ የሬዚስታንሱን ሽቦዎች ፎቶ አንስተሽ ንቀያቸውና አውጪው፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል፣ የጥር ፀሐይ ደህና ነው። ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ማለቴ ነው፣ ካለሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኪው፣ የ1,000 ዋቱ 48 ኦም ገደማ፣ የ1,200ው 40 ገደማ ያነባል። ከጫፉ ወደ አካሉ ግን በትልቁ ኦም ላይ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት ውሃ ጠጥቷል፣ ሠሪ ጋ በሙቀት ይድረቅ ወይ ይቀየር። ከቀየርሽ ርካሹን አትግዢ፣ በእጅሽ ስታነሺው ቅልል ያለው ብዙ አይቆይም።

መስታወቱን ሽቦ አታስነኪው፣ ከተጫረ አንድ ቀን ሲሞቅ ሊፈረከስ ይችላል። መሀል የወረደው ጭስ አያመጣም፣ ለዓይን ብቻ ነው፣ በሩን መንቀል ካልለመድሽ ተዪው፣ ማጠፊያው ስፕሪንግ ነው፣ መቆለፊያዋ ሳትነሳ ከወጣ ጣት ይዞ ይመለሳል።

ሁሉም ደርቆ ወለሉ በሁለት ሙሉ ብሎን ከታሰረ፣ ግራውንዱም ከተያዘ በኋላ መስኮት ከፍተሽ ባዶውን 180 ላይ ግማሽ ሰዓት አብሪው፣ ትንሽ ይሸታል፣ ይተዋል። ያን ጊዜ ምጣዱን አብረሽ አታብሪ። ወለሉን ስታነሺ ግን ከስሩ ያገኘሽውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ጮማ ከሌለ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፣ ያኔ ሌላ እንፈልጋለን። እስከዛው ስፒናው እንደተነቀለ ይቆይ።