ኮዬ ፈጬ ለሚኖር ሰው የትኛው ዓመት ራቭፎር ይሻላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የምትኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ሥራህ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ባለቤትህንና ሁለት ልጆችህን ይዘህ ሱሉልታ ወላጆችህን ልትጠይቅ ትወጣለህ። ደላላው የ2003 እና የ2007 ሥሪት የቶዮታ ራቭፎር መኪና አቅርቦልህ «አራት ዓመት አዲስ ስለሆነ የ2007ቱን ልውሰድ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ለገጣፎ ነዋሪ ነኝ። ራቭፎር መንዳት ከጀመርኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ ታላቅ ወንድሜም ሌላ ሥሪት አለው። ስለዚህ ያየሁትንና የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ። የምጠቅሳቸው የሥሪት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳላንዛዛ መልሱን ላስቀድም። ገንዘብህ ለሁለተኛው ትውልድ (እስከ 2005 ለተሠራው) የሚበቃ ከሆነ 2004 ወይም 2005 ፈልግ፤ ማንዋል ካገኘህ ደግሞ እሰየው። ትንሽ መጨመር ከቻልክ ከ2010 እስከ 2012 ያለውን ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ያዝ። የ2007ቱን ግን «አዲስ ነው» ተብለህ ብቻ እንዳትወስድ። የራቭፎር ዕድሜና ጤንነት አብረው አይሄዱም፤ አንዳንዱ ታናሽ ከታላቁ ይልቅ ብዙ ወጪ ያስወጣል።

ምክንያቱን ላስረዳ። የመጀመሪያው ትውልድ ከ1994 እስከ 2000 የተሠራው ነው። ጠንካራ ሞተር ነበረው፣ ዛሬም የሚነዱት አሉ፤ ነገር ግን አሁን ዕድሜው ገፍቷል፤ ቤተሰብ ለሚጭን ሰው አልመክረውም። ሁለተኛው ከ2000 እስከ 2005 ይሄዳል። ሦስተኛው ከ2006 እስከ 2012 ነው። ደላላው ያቀረበልህ ሁለቱ መኪኖች ከሁለት የተለያዩ ትውልዶች ናቸው፤ የየራሳቸው የታወቀ በሽታም አላቸው።

ከ2003ቱ እንጀምር። ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩት አውቶማቲክ ራቭፎሮች፣ በተለይ ለአሜሪካ ገበያ የወጡት፣ የሚታወቁበት ችግር የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ ያለው ብየዳ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ለካምቢዮው የተሳሳተ ትእዛዝ ይሰጣል። መኪናው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲቀይር ይመታል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ችግር ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አራዝሞ ነበር፤ ዛሬ ያ ጊዜ አልፏል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ መጀመሪያውኑም አልደረሰም። የእኔ የመጀመሪያ መኪና የ2002 አውቶማቲክ ነበረችና ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። አንድ ጋራዥ ወስጄ ሳሳያቸው «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ፣ ሌላ ይገዛ» አሉኝ። ሌላ መካኒክ ግን ሳይፈታ ኮምፒውተሩን አውጥቶ አስጠገነው፤ መኪናዋ በዚያው ቀን ለስላሳ ሆነች። ስለዚህ የ2003ቱ አውቶማቲክ ከሆነና ማርሽ ሲቀይር የሚመታ ከሆነ ዋጋውን ከማስቀነስህ በፊት ችግሩ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ እየመታ የተነዳ ካምቢዮ በመጨረሻ እሱ ራሱ ይጎዳል፤ ያኔ ኮምፒውተር መቀየሩ ብቻ አያድንህም። ማንዋል ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከትህም።

ሁለተኛው ነገር ማንዋሉንም አውቶማቲኩንም የሚነካ ነው፤ እዚህ እኛ አገር ደግሞ ከየትም ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። በሁለተኛው ትውልድ ላይ የተገጠሙት የ2.0 እና የ2.4 ሞተሮች ዋና አካላቸው አሉሚኒየም ነው። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) የሚይዙት ብሎኖች የሚገቡበት ጥርስ በሙቀት ብዛት ይላላል። ብሎኑ ሲላላ ውኃው ከሞተሩ ጀርባ፣ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ባለው በኩል፣ ትንሽ በትንሽ ማምለጥ ይጀምራል። ፊት ለፊት ቆመህ ኮፈኑን ከፍተህ ብታይ ላይታይህ ይችላል፤ በባትሪ መብራት ከኋላና ከሥር መታየት አለበት። የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ ዝቃጭ ካየህ ተጠንቀቅ። ሊጠገን ይችላል፤ ጥርሱ ተቦርቡሮ አዲስ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ይገባበታል፤ ግን ቴስታታ የሚያስወርድ ሥራ ስለሆነ ወጪው ቀላል አይደለም፤ እጁ የተፈተነ ባለሙያም ይፈልጋል።

እዚህ ይበልጥ ይታሰብበት ያልኩት ለምን መሰለህ? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ስትወጣ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ትጠጋለህ፤ ውኃው ከዚያም ዝቅ ብሎ ይፈላል። ሞተሩ ግን የሚሠራው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመካከል ያለውን ክፍተት የሚጠብቅልህ የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና ኩላንቱ (ከውኃው ጋር የሚቀላቀለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው። ክዳኑ ያረጀ፣ በውስጡም የቧንቧ ውኃ ብቻ የተሞላ መኪና ባሕር ዳርቻ ላይ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ የእንጦጦን አቀበት ቤተሰብ ጭኖ ሲወጣ ግን ይፈላል። አንድ ጊዜ በደንብ የፈላ ሞተር ደግሞ ያ የብሎን ችግር ይከተለዋል። መኪናውን ስታይ የራዲያተሩን ክዳን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ብቻ፣ ክፈትና ውኃውን ተመልከት። ቡናማ ዝገት ከሆነ ባለቤቱ እንዴት እንደያዘው ከእሱ አፍ መስማት አያስፈልግህም።

ስለ ከፍታ ካነሳሁ አይቀር፦ የሁለተኛው ትውልድ ባለ 1.8፣ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳም አለ፤ ከአውሮፓ የመጡት ውስጥ ታገኘዋለህ። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። በወረቀት 125 የፈረስ ጉልበት ያለው ያ ሞተር እኛ ዘንድ ከ100 በታች ይሆናል ማለት ነው። ለከተማ ይበቃል፤ ለአንተ የሱሉልታ ጉዞ ግን ያደክምሃል። ናፍጣውንም አልመክርህም፤ አነዳዱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የናፍጣ መርጫው ሲበላሽ የሚጠይቀው ወጪ የቆጠብከውን ነዳጅ ሁሉ ይወስደዋል።

አሁን ወደ 2007ቱ። ከ2006 እስከ 2008 ያሉት ባለ 2.4 ራቭፎሮች ዘይት ይበላሉ። ሁሉም አይደሉም፤ ብዙዎቹ ግን ይበላሉ። በፒስተኑ ላይ ያለው የዘይት ቀለበት ዘይቱን መልሶ የሚያወርድባቸው ቀዳዳዎች በካርቦን ይደፈናሉ፤ ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ይቃጠላል። ቶዮታ ራሱ ጉዳዩን አምኖ አሜሪካ ውስጥ የእነዚህን ዓመታት ፒስተንና ቀለበት ለተወሰነ ጊዜ ያለ ክፍያ ሲቀይር ነበር። የታላቅ ወንድሜ መኪና የ2007 ናት፤ ሌላ ነገሯ ሁሉ ግሩም ነው፤ ሰፊ ናት፤ ወንበሯ ይመቻል፤ ግን ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ሁልጊዜ የዘይት ጀሪካን አለ። ዘይቱን እየተከታተለ ስለሚጨምር ሞተሩ ደህና ነው። አደጋው ያለው ቀድሞ የያዘው ሰው ካልተከታተለ ነው፤ ዘይት አንሶት የተነዳ ሞተር ሰንሰለቱም፣ ውስጡም አብሮ ይጎዳል። ሻጩ «ዘይት ትናንት ነው የቀየርኩት» ካለህ ደስ አይበልህ፤ አዲስ ዘይት የሞላ ሞተር ምን ያህል እንደሚበላ አይናገርም።

ከ2009 ጀምሮ የመጣው ባለ 2.5 ሞተር ይህን ችግር ትቶልናል። ጉልበቱ ለአሜሪካ ከወጣው ባለ 2.4 166 ወደ 179 የፈረስ ጉልበት አድጓል፤ ነዳጁ ግን አልጨመረም። እኔ አቅሜ ቢፈቅድ ለአንተ የምመርጥልህ እሱን ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ 2009 ወይም 2010 የሚለውን ቁጥር ብቻ አይተህ 2.5 ነው እንዳትል። ቶዮታ ለየገበያው የተለያየ ሞተር ይገጥም ነበር። የአውሮፓው 2.0 ሊሆን ይችላል፤ ከዓረብ አገሮች የመጣው ደግሞ 2.4 ይዞ ሊገኝ ይችላል። ኮፈኑን ከፍተህ የሞተሩን መጠን ከነምልክቱ አንብብ፤ ከሊብሬው ጋርም አስተያይ።

የሻንሲ ቁጥሩን ማንበብም ተማር፤ ከባድ አይደለም። 17 ፊደልና ቁጥር አለው። በላቲኑ ጄ ከጀመረ መኪናው ጃፓን ተሠርቷል፤ በ2 ከጀመረ ካናዳ ነው፤ ራቭፎር ካናዳ ውስጥ መሠራት የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ለአሜሪካና ለካናዳ ገበያ በወጡት ላይ አሥረኛው ቦታ የሥሪት ዓመቱን ይነግርሃል፦ 3 ከሆነ 2003፣ 7 ከሆነ 2007፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይሄዳል። ለሌላ ገበያ በተሠሩት ላይ ግን ይህ ቦታ ዓመቱን ላይናገር ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ ታች ጎትተህ የተሰፋበትን መለያ እይ፤ የተመረተበት ጊዜ እዚያ ላይ አለ። ደላላ ሊብሬ ያነባል፤ ቀበቶ ግን አያስታውስም።

ስለ አራት ጎማ መንዳት የጻፍከው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። የኮዬን ክረምት አውቀዋለሁ፤ ከአስፋልቱ ወርደህ እስከ ብሎክህ ያለው ጭቃ ፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና ያንሸራትታል። ሁሉም ራቭፎር አራት ጎማ ይነዳል ብለህ ግን አትገምት። ጎንበስ ብለህ የኋላ ዲፈረንሲያል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) መኖሩን በዓይንህ እይ። የሦስተኛው ትውልድ አራት ጎማ የሚያስይዝ ቁልፍ አለው፤ በዝግታ ስትሄድ ይይዛል፤ ፍጥነትህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይለቃል፤ ለጭቃ በቂ ነው። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነትና ተቀራራቢ ጥርስ ያላቸው ካልሆኑ የኋላውን ክፍል ይጎዳሉና ይህንንም ተመልከት። የኮብልስቶኑ ነገር ደግሞ ጎሚኒና ቴስቲኒ (የጎማ ማያያዣ ላስቲኮችንና መገጣጠሚያዎችን) ይጨርሳል፤ ይህ ግን በቀላሉ የሚቀየር ስለሆነ ዋጋ መቀነሻ አድርገው እንጂ መኪናውን አትተውበት።

ለማየት ስትሄድ ጠዋት ሂድ፤ ሻጩም ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቅህ አስቀድመህ ንገረው። እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ፤ ሞቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ሲነሳ አንድ ሰው ከማርሚታው ኋላ ይቁም፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ከዚያ ቢያንስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ንዳው፤ ሞቆ እያለ ቁልቁለት ላይ እግርህን ከነዳጅ መስጫው አንስተህ ውረድ፤ መጨረሻ ላይ ድንገት ስትረግጥ ከኋላ የሚወጣውን ጭስ በመስታወት እይ። የቀለበቱ ችግር ያኔ ነው የሚታየው። የምታምነውን መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ ደላላው ያመጣውን አይደለም።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። በሶማሌ ተራ ሞተር የተቀየረለት ብዙ መኪና አለ፤ መቀየሩ ነውር የለውም፤ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ግን ስም ስታዛውር ትቆማለህ። የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት አረጋግጥ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ደግሞ ቀረጡ ሳይከፈል በአንተ ስም አይዞርም።

ከላይ ለጥያቄህ አስተያየት ከሰጡት አንዳንዶቹ «ሃያ ዓመት ለሞላው መኪና ይህን ያህል ገንዘብ?» ብለው ጽፈዋል፤ ቁጣቸው ይገባኛል። ግን የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ቆመ። በአገር ውስጥ ያለው ራቭፎር ያው ያለው ነው፤ ጥሩው እየተመረጠ ይወሰዳል፤ የቀረው ይዞራል። ስለዚህ የሚሸጠው ሰው «ዛሬ ካልወሰድክ ነገ የለም» ቢልህ እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ያም ሆኖ ቀዝቃዛውን ሞተር ሳታይ ቀብድ አትክፈል።

አሁን ከአንተ የምፈልገው ይህን ነው። የ2003ቱ ማንዋል ነው አውቶማቲክ? ሞተሩስ 1.8 ነው 2.0? የ2007ቱ የኋላ ዲፈረንሲያል አለው? ዘይት ከተቀየረለት በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? እነዚህን ጠይቀህ እዚሁ ጻፍልን፤ የ2003ቱ ማንዋልና ባለ 2.0 ሆኖ ውኃው ንጹሕ ከሆነ እኔ ከሁለቱ እሱን ነው የምልህ።