ከካልሲው በፊት እግሩን አስቡ

ውድ ወጣቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በዕርዳታ ሥራ ለመሰማራት የምትሰናዱ ልጆች አብዝታችሁ የምትጠይቁት «ምን እንስጥ?» የሚለውን ነው። ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ የሚቀበለው ሰው የት ነው የቆመው? ዕቃውስ በማን እጅ አልፎ ይደርሰዋል? ይህን ለመማር፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ማኅበራት ለወታደሮች የሠሩትን ከመመርመር የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። የተሳካውም የተበላሸውም ተመዝግቦ ተቀምጧል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከካልሲ ልጀምር። በ1914 መጨረሻ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ ፈረንሳይና ቤልጂየም ውስጥ የነበሩት የምዕራቡ ግንባር ምሽጎች ውኃ ሞልቷቸው ነበር። እግር ለቀናት በቀዝቃዛ ውኃ ሲነከር የደም ዝውውሩ ይዳከማል፤ መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ያብጣል፣ ሲብስበት ሥጋው ይሞታል። በዚያ የመጀመሪያ ክረምት ከእንግሊዝ ጦር ብቻ ወደ 20,000 የሚጠጉ ወታደሮች በዚህ «የምሽግ እግር» በሚባል ሕመም ተጠቁ። መከላከያው እግርን ማድረቅ፣ በዓሣ ነባሪ ዘይት ማሸትና ካልሲ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነበር። ስለዚህ አንድ ጥንድ ካልሲ ለአንድ ወታደር ስጦታ ሊባል አይችልም። አንዱ እግሩ ላይ ሲሆን፣ ሌላው እየደረቀ፣ ሦስተኛው ቦርሳው ውስጥ መኖር አለበት።

ቤታቸው ተቀምጠው ሹራብ የሚሠሩ ሴቶች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ካልሲ ላኩ። ከላኩት መካከል እግር የሚያቆስል ነበረበት፤ ምክንያቱም ጥቃቅን ነው። ክር ሲያልቅ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በቋጠሮ ካያያዛችሁት፣ ያቺ ቋጠሮ ከብዙ ሰዓት ጉዞ በኋላ ውኃ የቋጠረ ቁስል ትፈጥራለች፤ የሁለቱ ክሮች ጫፍ ተደራርቦ አብሮ መሠራት አለበት። የጣቱ ጫፍ በተራ ስፌት ከተዘጋ ጉብታ ይቀራል፤ ሁለቱን ጠርዝ ዐይን ለዐይን እያገናኙ የሚዘጉበት፣ በእንግሊዙ የጦር ሚኒስትር በኪችነር ስም የሚጠራው ዘዴ የተስፋፋው ለዚህ ነው። የአፉ ጠርዝ ጠብቆ ከተጀመረ ቁርጭምጭሚቱን ያንቃል፣ ደም ያግዳል፤ ያ ደግሞ እንከላከለዋለን ያልነውን ሕመም ይጋብዛል። ክሩ ሱፍ ይሁን፤ ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ይቀዘቅዛል፣ ሱፍ ግን ረጥቦም ሙቀት ይይዛል። ሱፍ በፈላ ውኃ ሲታጠብ ስለሚኮማተር ልኩን ትንሽ ለቀቅ ማድረግ ነው። በመጨረሻም ሁለቱን እግር በክር አያይዛችሁ ላኩ። ማከማቻ ውስጥ የተለያየ ጥንድ ማንም ተቀምጦ አይፈልገውም።

የሚቀጥለው ችግር ብዛት ነው። ጋዜጣ ላይ «ወታደሮቻችን ሻርፕ አጥተዋል» የሚል ከወጣ፣ በሳምንቱ መጋዘኑ ሻርፕ ብቻ ይሆናል። አንዱ ክፍለ ጦር ሦስት እጥፍ ሲደርሰው ጎረቤቱ ባዶ እጁን ይቀራል፤ የሰፈሩ ሰው የሚልከው ልጆቹ ላሉበት ጦር ነውና። የእንግሊዝ ጦር ሚኒስቴር በ1915 ሰር ኤድዋርድ ዋርድን የበጎ ፈቃድ ድርጅቶች ዋና ዳይሬክተር አድርጎ የሾመው ይህን ለማስተካከል ነበር። ስጦታ ከአንድ ቦታ ሲከፋፈል ብዙ ሰጪ ቅር ይሰኛል፤ «የእኔ ስጦታ ለእኔ ልጅ» ማለት የሰው ባሕርይ ነው። ቢሆንም ጥያቄው ከግንባር ተነሥቶ ወደ ቤት መምጣት አለበት፣ ከቤት ወደ ግንባር አይደለም።

በብዛት እየሰጡም የእያንዳንዱን ፍላጎት መለየት እንደሚቻል ደግሞ የ1914ቱን የገና ስጦታ ተመልከቱ። በእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ በልዕልት ሜሪ ስም በተሰበሰበ ገንዘብ አነስተኛ የነሐስ ሣጥን ተዘጋጀ። ለሚያጨሱት 28 ግራም ያህል የፒፓ ትምባሆ፣ 20 ሲጋራ፣ ፒፓና የእሳት መለኮሻ ተሰናዳ። ለማያጨሱት ከረሜላና እርሳስ፣ ወረቀት፣ ፖስታ የያዘ መጻፊያ ተደረገ። ከህንድ ለመጡት የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ወታደሮች ትምባሆ በሃይማኖታቸው ክልክል ስለሆነ ስኳር ከረሜላና ቅመም፣ ለነርሶች ቸኮሌት ተመደበ። በጦር ሥራ ፍጥነት ውስጥ «እገሌ ምን አይነካም?» ብሎ መጠየቅ ትንሽ ነገር አይደለም። ያሰናከላቸው ነሐሱ ነው። ነሐስ ለጥይት ቀለህ ይፈለግ ስለነበር ሣጥኑ አጠረ፤ ብዙዎቹ ስጦታቸውን ያገኙት ገና ካለፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ማሸጊያ ስትመርጡ ጦሩ ራሱ የማይሻማችሁን ምረጡ።

በእጅ ካለው ተነሥቶ መሥራትን ያሳየ ደግሞ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያኖች የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ ሞንቲዬ ሱር ሶ በተባለች መንደር ዝናቡ አልቆም ብሎ፣ ስንቅም ሳስቶ ሳለ፣ የማኅበሩ ሠራተኞች ሔለን ፐርቪያንስና ማርጋሬት ሼልደን ያላቸውን ቆጠሩ፦ ዱቄት፣ ስኳር፣ ስብ፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ የጣሳ ወተት። ኬክ ለመጋገር ምድጃ የለም፤ ዶናት ግን መጥበሻና ዘይት ወይም ስብ ብቻ ይፈልጋል። ሊጡን በወይን ጠርሙስ ዳመጡት፤ በትንሽ መጥበሻ ሰባት ሰባት እየጠበሱ በመጀመሪያው ቀን 150 ያህል አወጡ። የምግብ ዓይነት ስትወስኑ በጣዕም አትጀምሩ። እሳቱን፣ ዕቃውን፣ የሚያበስሉትን እጆች ቁጠሩና ከዚያ የሚወጣውን አብስሉ። ስቡ በደንብ ሳይግል ሊጡ ከገባ ስብ ይጠጣል፤ ብዙ ካጨቃችሁበትም ስቡ ይቀዘቅዛልና ውጤቱ ያው ነው።

አሁን ወደሚያመው ነገር። በዚያው ጦርነት አውሮፓ የዘመተው የአሜሪካ ጦር አዛዥ ጄኔራል ፐርሺንግ፣ የጦሩን ካንቲኖች እንዲያስተዳድር የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበርን (ወ.ወ.ክ.ማ.ን) ጠየቀ። ካንቲን ሱቅ ነው፤ ዋጋ አለው፣ ማጓጓዣውም ዋጋው ላይ ይታከላል። ወታደሩ ግን የሚያየው የማኅበሩን የቀይ ሦስት ማዕዘን ምልክት እንጂ ውሉን አይደለም። «የክርስቲያን ማኅበር ሲጋራ ሸጠልኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ የተባለው የካቶሊኮች ማኅበር በአንጻሩ በሩ ላይ «ሁሉም እንኳን ደህና መጣ፣ ሁሉም በነጻ ነው» ብሎ ለጠፈ፤ ሲነጻጸሩ የወ.ወ.ክ.ማ. ስም የባሰ ተጎዳ፣ ሥራው ከማንም የበለጠ ሰፊ ሆኖ ሳለ። ትምህርቱ አልተያዘም። በ1942 የአሜሪካ ጦር ሚኒስትር ስቲምሰን፣ ቀይ መስቀል እንግሊዝ አገር ባሉት ክበቦቹ ለምግብና ለአልጋ ዋጋ እንዲያስከፍል ጠየቀ፤ የእንግሊዝ ወታደር በየካንቲኑ ስለሚከፍል ደመወዙ የሚበልጠው አሜሪካዊ በነጻ ቢስተናገድ ቅሬታ ይነሣል ተብሎ ነው። ምክንያቱ ሚዛናዊ ነበር። ቀይ መስቀል ግን በዚያ ሳንቲም ምክንያት ለአሥርተ ዓመታት ሲወቀስ ኖረ። መንግሥት ወይም ጦሩ በእናንተ ስም እንዲያስከፍል ከፈቀዳችሁ፣ ማን እንዳዘዘና ለምን እንደሆነ በትልቁ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። ካልሆነም ሱቁንና የዕርዳታውን ቤት ለዩ፤ በአንድ ምልክት ሥር ሁለቱ አይኖሩም።

ማስከፈል ሁልጊዜ ነውር ነው ማለቴ እንዳልሆነ የቤልጂየሟ ፖፐሪንገ ታስረዳለች። በታኅሣሥ 1915 ቄስ ፊሊፕ ክሌይተን በዚያች ከተማ ታልቦት ሃውስ የተባለ የወታደር ማረፊያ ከፈተ። መኮንኖች ለማደሪያ 5 ፍራንክ ይከፍላሉ፣ ገንዘቡ ተራ ወታደሩን ያስተናግዳል። እዚያ ማዕረግ በር ላይ ይቀራል። ቤተ መጻሕፍት አለው፤ መጽሐፍ የሚወስድ ቆቡን መያዣ ያስቀምጣል። ይህችን ዘዴ እወዳታለሁ፤ ያለ ቆብ ወደ ውጭ መውጣት ስለማይቻል መጽሐፉ ይመለሳል፣ ጸሐፊም ቅጽም አያስፈልግም። ጸሎት ቤቱ ከላይ ጣሪያው ሥር ነው፤ መሠዊያው የአናጢ ጠረጴዛ ነበር። ማንም ደረጃውን እንዲወጣ አልተገደደም። የሃይማኖት ማኅበር ለሆናችሁ ደጋግሜ የምለው ይህንኑ ነው፦ ሻዩ ስብከቱን ለመስማት የሚከፈል ዋጋ ከሆነ፣ ወታደሩ ሻዩንም ስብከቱንም ይተዋል። ወረቀት፣ ቀለም፣ ብርሃን ያለው ጠረጴዛና ደረቅ ወንበር አቅርቡለት፤ ለእናቱ ሲጽፍ ማንም ትከሻው ላይ አይቁም።

ለጦር እስረኞች ስለሚላክ የምግብ ጥቅል ደግሞ በተለይ እጽፋለሁ፤ እዚያ ስህተት ረኃብ ማለት ነውና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ከ20 ሚሊዮን በላይ ጥቅል ልኳል። አንዱ ጥቅል 5 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን ሻይ፣ ካካዎ፣ ስኳር፣ የጣሳ ሥጋ፣ አይብ፣ የረጋ ወተት፣ የዕንቁላል ዱቄት፣ ማርጋሪን፣ ዓሣና ሳሙና ይይዛል። ዕቅዱ በሳምንት ለሰው አንድ ነበር። ዕቃው በመርከብ ወደ ሊዝበን፣ ከዚያ ወደ ማርሴይ፣ በባቡር የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መቀመጫ ወደሆነችው ጄኔቫ፣ ከጄኔቫ ጀርመኖች እስረኞቹን ወደያዙበት ካምፕ ይጓዝ ነበር። በዚህ ሁሉ ማራገፍና መጫን ውስጥ የሚበላሸው ሁልጊዜ ያው ነው። ሳሙና ከሻይ ጎን ከሆነ ሻዩ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከባዱ ጣሳ ከላይ ከተቀመጠ ከታች ያለውን ካርቶን ይደፈጥጣል። ክፍት ቦታ ከቀረ ዕቃው እየተንሸራተተ ጠርዙን ይበሳል። ጀርመኖች ደግሞ እስረኛው ለማምለጫ ስንቅ እንዳያጠራቅም ጣሳውን ይበሱ ነበር፤ የተበሳ ጣሳ ወዲያው ካልተበላ ይበላሻል። ባዶ ጣሳውን እስረኞቹ ምድጃና ሳህን ይሠሩበታል። በ1944 እና 1945 የባቡር ሐዲዶች ሲደበደቡ ጥቅሉ ተቋረጠ፤ በሳምንት አንድ የነበረው ለብዙ ሰው አንድ ሆነ። መንገድ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ገና ሳይዘጋ ክምችቱን ካምፑ አጠገብ አድርጉ።

ገንዘቡን በሚመለከት በ1916 የወጣው የእንግሊዝ የጦርነት በጎ አድራጎት ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ዛሬም ይበቃል፦ ሳይመዘገቡ ገንዘብ አለመጠየቅ፣ ከ3 ያላነሱ አባላት ያሉት ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የተመረመረ ሒሳብ፣ በማኅበሩ ስም የተለየ የባንክ ሒሳብ። ሕጉ የወጣው በወታደር ስም የሚለምን አጭበርባሪ ስለበዛ ነው። ሐቀኛውም ቢሆን መዝገብ ከሌለው ከአጭበርባሪው አይለይም።

ወደ እስረኞቹ ጥቅል ልመለስ፤ ጥቅሉ ካምፕ ሲደርስ እስረኞቹ የመረጡት ተወካይ ቆጥሮ ደረሰኝ ይፈርምና ወደ ጄኔቫ ይመልስ ነበር። ለእናንተም እንዲህ ያለ ደረሰኝ ካልመጣ የሚቀጥለውን ጭነት ከመላካችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ። ፋይሉን የሚይዝ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መድቡ፤ ብዙ ማኅበራት ለዚህ ሥራ ሰው የሚፈልጉት ሦስተኛው ጭነት ከጠፋ በኋላ ነው።