በር ላይ ያስቆምኳት ሴት

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣሁ አንዲት ወጣት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ከጓደኞቿ ጋር የግጥም ምሽት ያዘጋጃሉ። «ጋሼ፣ ድሮ የኪነት ሰው ነበሩ አሉኝ። ሰው ምን ፈልጎ ነው የሚመጣው? መጀመሪያ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ወንበሩ ባዶ ነው» አለችኝ። የማይረባ መልስ ሰጥቼ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አስተማሪ ነበርኩ። በ1978 ገደማ የቀበሌያችንን የኪነት ቡድን እመራለሁ። እሑድ ከስብሰባው በኋላ ዘፈን፣ ግጥምና አጭር ድራማ እናቀርባለን። ወንበር ስለማይበቃ ሰው ከቤቱ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ተሸክሞ ይመጣል። እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ ለእኛ ብሎ አልመጣም። ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ቀበሌ ሱቅ ስኳር ሊገዛ ሲሄድ ፊት ይነሱታል። ስም ተጠርቶ ካለቀ በኋላም የማይነቃነቁ ግን ነበሩ።

አንዷ ቆሎ ሻጭ ናት። ከሂርማታ ገበያ መጥታ ኋላ ጥግ ትቀመጣለች። ቆሎዋን በሲኒ እየሰፈረች ትሸጣለች፤ ልጆች ይከቧታል፣ እናቶቻቸው ይከተላሉ፣ ጨዋታው ይደራል። እኔ መድረክ ዳር ቆሜ እበግናለሁ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግጥም አንባቢው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ ነው የሚታየው። በዝናቡ አልተናደድኩም። በእሷ ተናደድኩ።

አንድ እሑድ ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ለዘበኛው «ቆሎ ሻጭ እንዳታስገባ» አልኩት። በሩ ላይ አስቆማት። ቆሎዋን ውጭ አስቀምጣ ልትገባ ስትል እኔ ራሴ ሄድኩ። «አማርኛ እንኳ በደንብ አትሰሚ፤ ግጥም ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። ይህን የምለው እኔ፣ ስድስት ዓመት ጅማ ኖሬ ኦሮምኛ ያልተማርኩት ሰውዬ ነኝ። እሷ ግን በዚያው በማትችለው አማርኛ መለሰችልኝ።

«ቤት ብቻዬን ነኝ። እዚህ ሰው አለ።»

ቆሎዋን አንስታ ወደ አወይቱ ወንዝ ቁልቁል ወረደች። አልጠራኋትም። ስሟን እንኳ አላውቅም። እንግዶቹም አልመጡም። ከዚያ በኋላ ያ ጥግ ጭር አለ። ልጆቹ ቀሩ፣ እናቶቹ ቀሩ። ስም ሲጠራ «አለሁ» ብሎ የሚወጣ ሰው ብቻ ቀረልኝ።

በቀደም ልጄ በስልኳ አንድ ጥናት አሳየችኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ የተጠየቁ ሰዎች መልስ ነው። ኪነ ጥበብ ለማየት ከሄዱት 73 በመቶው፣ ከወዳጅ ዘመድ ጋር መጫወት አንዱ ምክንያታቸው እንደሆነ ተናግረዋል። መሄድ እየፈለጉ ከቀሩት ደግሞ 22 በመቶው አብሯቸው የሚሄድ ሰው አጥተው ነው። ቆሎ ሻጯ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነግራኝ ነበር።

ማይክ ፈትሹ፣ በሰዓቱ ጀምሩ እያልኩ አልመክራችሁም። የእናንተ ዘመን ፖስተር ያምራል፤ ቴሌግራም ላይ ስታሰራጩትም ፈጣን ናችሁ። ጎረቤት በር ማንኳኳት ግን ያሳፍራችኋል መሰለኝ። ደግሞ ፊት ወንበር ላይ «ቪአይፒ» ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። ባለፈው እኔን እዚያ አስቀመጣችሁኝ። ግራ ቀኜ ባዶ፤ ጨዋታው ኋላ ነው። አንገቴን ሳዞር አመሸሁ።

ቡና አፍሉ። ይህ እኮ ጅማ ነው! ግጥሙም በኦሮምኛ ጭምር ይነበብ። ሲያወሩ አትቆጡ። ስልክ አንስቶ ጮክ ብሎ የሚያወራውን ግን አስወጡት። አዎ፣ ያልኩትን አፈረስኩ፤ አስተማሪነት በጡረታ አይለቅም።

አንቺ ልጅ፣ ቀጣዩ ምሽት መቼ እንደሆነ ደውለሽ ንገሪኝ። ኋላ ወንበር ያዢልኝ። ቆሎ እኔ አመጣለሁ።