ጣሪያው የት ነው? የወለቀ ጥርስ፣ የእሁድ ሽርሽርና የጆሮ ነገር

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ትንሿ ሦስት ሞልቷታል። በሳምንት ስድስት ቀን እሠራለሁ፣ ማታ ስገባ ተኝተው ነው የማገኛቸው። ባለፈው ሳምንት የትልቋ የመጀመሪያ ጥርስ ወለቀ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ በስልክ ነው የሰማሁት። "ጎበዝ!" ብያት ስልኩን ዘጋሁና፣ እንጃ፣ ሆዴ ባባ።

ይህንን ላካክስ ብዬ እሁድ ይዣቸው ወጣሁ። ጠዋት መጫወቻ ቦታ፣ ከዚያ ኬክ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ በዚያው ዘመድ ጥየቃ። ትንሿ ልብሷ ላይ ሸናች። ትልቋ ፊኛዋ ፈነዳባትና እስከ ቤት አለቀሰች። ባለቤቴ በኮንትራት ታክሲ ስንመለስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የወጣው ብር የሳምንት አስቤዛ ነበር። አሁን እሷ የምትለው "ሽርሽሩ ይቅር፣ ብሩ ይጠራቀምና ጥቅምት ላይ አዳራሽ ተከራይተን ሰባተኛ ዓመት ልደቷን እናክብርላት" ነው። እኔ ደግሞ ሰኔ ላይ ለኬጂ ምርቃት ጋዋን፣ ፎቶ፣ ኬክ እየተባለ የወጣው ገና ከሆዴ አልወጣም። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ በዚህ ክረምት ሕፃን ይዞ የት ይኬዳል? ጥርሱ በሶፍት ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ጣሪያ ላይ እንወርውረው ብንል የት አግኝተነው።

የሁለት ሴቶች አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ልበልህ።

ከጥርሱ እንጀምር። የወተት ጥርስ 20 ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወልቁት የታች የፊት ሁለቱ ናቸው፣ አንዱ ከሄደ ጎረቤቱም መነቃነቁ አይቀርም። የቀሩት እስከ 12 ዓመቷ ገደማ ድረስ ተራ በተራ ይወልቃሉ። እና አንዱ አምልጦሃል፣ 19 ይቀሩሃል። ትንሿ ደግሞ ሃያዎቹም እንዳሉ ናቸው። በሶፍት የጠቀለላችሁትን እንዳትጥሉት። አያት ወይ አክስት ጋ የቆርቆሮ ቤት አይጠፋም፣ እዚያ ስትሄዱ ራሷ ትወርውረው። ጥርሱ ቆርቆሮው ላይ ኳ ብሎ ሲያርፍ የልጅ ፊት ምን እንደሚመስል አንተም ታየዋለህ። ጥርሱ ሳምንት ስለዘገየ የሚቀየመን የለም።

አሁን ወደ እሁዱ። ጥፋትህ መውጣትህ አይደለም፣ ሦስት ቦታ መሄድህ ነው። ለሦስት ዓመት ልጅ አንድ ቦታ ራሱ ብዙ ነው። እሷ እኮ ታክሲ መሳፈሩን፣ ረዳቱ ሲጮህ መስማቱን፣ ደረጃ መቁጠሩን ሁሉ ሽርሽር ብላ ይዛዋለች፣ እናንተ ገና አልደረስንም ስትሉ እሷ ጠግባለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ሁኑ። ያኔ እንቅልፏ አልጋዋ ላይ ይወስዳታል። ዳቦ በምሳ ዕቃ፣ ውሃ በሃይላንድ፣ ቅያሪ ሱሪ በፌስታል። በቃ። ትንሿን ከቤት ስትወጡም ስትደርሱም ሽንት አሽናት፣ "አልመጣም" ብትልህም አትመናት።

በክረምት የት ይኬዳል ላልከው፣ ጣሪያ ያለው ቦታ ነዋ። እኔ ብሆን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም እወስዳቸዋለሁ። "ሙዚየም ለሕፃን?" እንዳትለኝ። ምን ማሳየት እንዳለብን ስለማናውቅ ነው እንጂ ለእነሱ ከመጫወቻ ቦታ አያንስም። ለአገሬው ሰው መግቢያውም ኪስ አይጎዳም።

ቀጥ ብለህ ድንቅነሽ ጋ ውረድ። በ1967 ዓ.ም. ህዳር ላይ አፋር፣ ሐዳር የተገኘችው ሉሲ ማለቴ ነው። የአጥንቷ ቅጂ ተጋድሞ ታየዋለህ፣ ቆማ ምን ትመስል እንደነበርም አለ። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲም ገደማ ነው። ትልቅ ሰው ሆና ማለት ነው! የእኔ ልጆች ሰባትና አራት ዓመት ሳሉ ወስጃቸው ነበር። ታላቋ መስታወቱ ጋ ቆመችና እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ለካችና "እማዬ፣ እበልጣታለሁ!" ብላ ጮኸች። ታናሿ ትንሽ አነሰች። ተንጠራራች፣ ተረከዟን አነሳች። ጥበቃው ራቅ ብሎ ሲያይ ቆይቶ "ተረከዝ አይነሳም!" አላት። እስከ ቤት ድረስ ስታኮርፍ ነበር። ከዚያ በኋላ በየወሩ በር ላይ በእርሳስ እየለካን፣ አንድ ቀን ድንቅነሽን ስታልፋት ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ኬክ የለ፣ አዳራሽ የለ። አንተም ከመሄዳችሁ በፊት የሁለቱንም ቁመት በር ላይ ምልክት አድርግ፣ ቀኑንም ጻፍበት። የስድስት ዓመቷ ሳትበልጣት አትቀርም፣ የሦስት ዓመቷ ገና ናት፣ መመለሻ ምክንያት አገኛችሁ ማለት ነው።

ለእናንተ ቤት ደግሞ ዘንድሮ ከድንቅነሽ ይልቅ ሰላም ናት የምትስማማው። ሰላም በ1993 ዓ.ም. እዚያው አፋር፣ ዲኪካ ላይ በዶክተር ዘርዓሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘች፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የነበራት ሕፃን ናት። ሴት ልጅ። የትንሿ እኩያ በላት። "የሉሲ ልጅ" ሲሏት ትሰማለህ፣ እሱ እንኳን አይሆንም፣ የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሰላም የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን በመቶ ሺህ ዓመት ገደማ ትበልጣታለች። ግን የምወደው ሌላ ነገር ነው። መንጋጋዋን በሲቲ ስካን ሲያዩት የወተት ጥርሶቿ ሥር፣ አጥንቱ ውስጥ፣ ያልወጡት ቋሚ ጥርሶች ተራቸውን ሲጠብቁ ተገኙ። ትልቋ ልጅህ አፍ ውስጥ አሁን ያለው ማለት ነው እኮ። ቁጭ ብለህ፣ ከዓይኗ እኩል ሆነህ፣ "ይቺም እንዳንቺ ከሥር አዲስ ጥርስ ነበራት" በላት። ድድዋን በጣቷ ነክታ ካላየች እኔን በለኝ።

ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል። የንጉሦቹን ዕቃ እናያለን ብለህ ፎቅ ለፎቅ እንዳትጎትታቸው። ከዚያ ከፍ ብሎ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው ሙዚየም፣ የጃንሆይ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት የሚታይበት፣ ለሌላ እሁድ ነው። (ልጆች የንጉሥ ገንዳ ሲያዩ ለምን እንደዚያ እንደሚስቁ እስካሁን አልገባኝም።) ስትወጡ መንገድ ላይ በቆሎ ጥብስ አለ፣ ነሐሴ አይደል። የእኔዎቹ ዛሬ ትልልቅ ሆነው ስለዚያ ቀን ስጠይቃቸው አንደኛዋ ያስታወሰችው በቆሎውን ነው። ሌላዋ ተረከዟን።

እንጦጦን ለመስከረም አቆየው። ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ በክረምት ጭጋግና ብርድ እንጂ ምንም አታዩም። መስከረም ላይ ግን ሰማዩ ይጠራል፣ አደዩም ይፈነዳል። ሹራብ ግን አትርሳ፣ ፀሐይ ናት ብለህ እንዳትሸወድ።

ስለ ባለቤትህ ትንሽ ልቆጣህ ነው። ታክሲ ውስጥ ዝም ያለችው ሽርሽር ጠልታ አይመስለኝም። ደብዳቤህን ደግመህ አንብበው። ስድስቱን ቀን ልጆቹን ይዛ የምትውለው እሷ ናት። እሁድ ደግሞ ምሳ ስትቋጥር፣ ጫማ ስታስር፣ የሸናችውን ስትቀይር፣ ያለቀሰችውን ስታባብል ዋለች። ላንተ ሽርሽር፣ ለእሷ ሰባተኛ የሥራ ቀን። ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ ብቻህን ውሰዳቸው። አዎ፣ ሁለቱንም። ፀጉራቸውን ቅዳሜ ማታ ታስይዝልህ እንጂ ሌላውን አንተ ቻለው። እሷ ትተኛ፣ ወይ ጓደኛዋ ጋ ሄዳ ቡና ትጠጣ፣ ወይ ዝም ብላ ጣሪያ ስታይ ትዋል። ተመልሳችሁ ልጆቹ ተሻምተው ሲነግሯት ያኔ ስለ ልደቱ ብታነሳ የተሻለ ትሰማሃለች።

ልደቱን በተመለከተ ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። እሷ ቀኑ ይከበር ማለቷ ልክ ናት፣ ሰባት ዓመት ትልቅ ነገር ነው። የኬጂውንም ጋዋን ቢሆን አልቃወምም፣ ሁሉም ልጅ ለብሶ አንዷ ብቻ ሳትለብስ መቆም ለልጅ ከባድ ነው፣ ፎቶውንና ኬኩን ነበር መተው። አዳራሹን ግን ተዉት። ጥቅምት ዝናብ የለም። ድፎ ይደፋ፣ የምትወዳቸው ሁለት ጓደኞቿ ይጠሩ፣ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ አራት ኪሎ ነው፣ ጥቁር ጎፈር አንበሶቹን ይዩ። መግቢያውን ቀድመህ አጣራ፣ ለስድስትና ለሰባት ሰው ሲሆን ይበዛል። ያም ሆኖ ከአዳራሽ ኪራይ ጋር አይወዳደርም።

አንድ ሳትጠይቀኝ ልጨምር። እንቁጣጣሽ ሥራ የለህም። ትልቋ ዘንድሮ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር አበባየሆሽ የምትልበት ዕድሜ ላይ ናት፣ የመጀመሪያዋ ይሆናል። ግጥሙን ከወዲሁ አስጠኗት፣ "ለምለም" ማለቱን ትንሿም ትችለዋለች። ኮንዶሚኒየም ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፣ በር ከበር ጋር ተፋጥጦ፣ ድምፁ ደረጃው ላይ ሲያስተጋባ። ከአራተኛ ፎቅ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፣ ሽቅብ ከሆነ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አንተ ትንሿን ትከሻህ ላይ አድርገህ አንድ ደረጃ ወደኋላ ቅር። እንዳትዘፍንላቸው፣ ያፍራሉ።

ጥያቄ

የሁለት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። አማቴ "ጆሮዋን ዛሬ ነገ ሳትዪ አስበሺ፣ ሳታውቀው ይለፍላት" እያሉ ነው። እኔ ፈራሁ። ትንሽ ብትጠብቅ ምን አለበት?

እናት፣ ከአዳማ

መልስ

ምንም የለበትም እህቴ። አማትሽም ክፉ አላሉም፣ እኛም ያደግነው በዚያው ነው። ግን ልጅሽ፣ ሲወለዱ የሚሰጠውን ሳንቆጥር፣ የመጀመሪያውን ክትባት በስድስተኛው ሳምንት ወስዳለች ብዬ ልገምት፣ ቀጣዮቹ በአስረኛውና በአስራ አራተኛው ሳምንት ናቸው። መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለው እዚያው ውስጥ ነው። ሦስተኛውን ትጨርስና ከዚያ በኋላ ጤና ተቋም ወስደሽ፣ ገና ከማሸጊያው በወጣ መርፌ ትበሳ። ለአማትሽ "ሐኪም ሦስተኛው ክትባት ይለፍ ብሏል" በያቸው፣ ከአንቺ አፍ ከሚሰሙት ይልቅ የሐኪም ሲሆን ይዋጥላቸዋል። ከተበሳች በኋላ እጅሽን ሳትታጠቢ አትንኪው፣ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቢው፣ ስድስት ሳምንት ያህል ጉትቻው አይውለቅ። ቀልቶ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ጠብቂ አልልሽም፣ ውሰጃት። ጉትቻው ደግሞ ትንሽ ክብ ሎቲ ይሁን፣ አማትሽ ያስቀመጡት ተንጠልጣዩ ወርቅ ቢያምርም ይቆይ፣ አራት ወር ሲሆናት ያገኘችውን ሁሉ ነው የምትጎትተው።