ስም ቀይሪ፣ ማተብሽን አውልቂ ላሉሽ

የደሴዋ እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። በምግብ ዝግጅት ተመርቀሻል፣ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፈሻል፣ ሥራ ግን የለም። ደላላው ደግሞ ክርስቲያን ሠራተኛ የሚፈልግ ቤት የለም፣ ሳዑዲ የምትሄጂው "ሐያት" ተብለሽ፣ ማተብሽን አውልቀሽ ነው ብሎሻል። እናትሽ አለቀሱ፣ ጓደኛሽ "እምነት በልብ ነው" አለችሽ። አንቺም ተደብቄ ኑሮዬን ላሸንፍ ወይስ ማተቤን ይዤ ቤት ልቀመጥ ብለሽ ጠየቅሽኝ።

የእምነቱን ነገር ለንስሐ አባትሽ ልተወው። እንዲህ አድርገው የሄዱ እህቶችም ብዙ ናቸው፣ ችግር ገፍቷቸው ነውና አልፈርድባቸውም። እኔ የማወራሽ ስለ ሥራው ነው። ቢሮ ብትሠሪ ቀን አስመስለሽ ውለሽ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ። የቤት ሠራተኛ ግን መዋያዋም መተኛዋም እዚያው ነው። ረመዳን ሲገባ መጾም አለብሽ፣ ሶላት ሲደርስ እንዴት እንደሚሰገድ ማወቅ አለብሽ፣ በሁዳዴ ሥጋ ቀርቦልሽ አልበላም ብትዪ ለምን ትባያለሽ። ሥጋው ራሱስ? ያደግሽው ሰርግ ላይ እንኳ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ ለየብቻ በሚታረድበት ወሎ ነው፣ ምን ማለቴ እንደሆነ አይጠፋሽም። ይሄን ሁሉ ስልክሽ እንኳ በእጅሽ መኖሩ በማይታወቅበት ቤት፣ ውሉ እስኪያልቅ ልትችዪው ነው። ኑሮ ማሸነፍ ያልሽው ነገር የት ጋ እንደሆነ አልታየኝም።

የባሰው ግን ወረቀቱ ነው። በሐሰት ስም ፓስፖርት ማውጣት ወንጀል ነው። ደግሞስ ደመወዝ ቢከለክሉሽ፣ ብትታመሚ፣ ከቤቱ ብትወጪ፣ ቆንስላው መዝገብ ላይ ያለችው ሐያት ናት፤ እናትሽ የሚፈልጉት ግን አንቺን ነው።

ደላላውም ቢሆን ሠራተኛ ወደ ውጭ የመላክ መብት የለውም። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ከግል በኩል ይህን የሚሠራው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ነው፤ የቪዛ፣ የትራንስፖርትና የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። አንቺ የምትከፍዪው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራና ለመሳሰሉት ብቻ ነው። "ለቪዛ" ብሎ ብር ከጠየቀሽ ከዚያው ላይ ተዪው።

መሄዱ ግድ ከሆነብሽ በራስሽ ስም ሂጂ። ሕጋዊ ኤጀንሲ ጋ ገብተሽ ክርስቲያን ነኝ፣ እንደዚሁ የሚቀበለኝ ቤት ፈልጉልኝ በዪ። ኤምሬትስ፣ ኩዌትና ኳታር ቤተ ክርስቲያን በይፋ አለ፣ ሳዑዲ የለም። ውሉ ላይ የዕረፍት ቀን መኖሩን ደግሞ እዪ፣ ካልወጣሽ ቤተ ክርስቲያኑ ቢኖር ምን ይጠቅምሻል! በሃይማኖትሽ ምክንያት የማይቀበልሽ ቤት ይኖራል። መድልዎ ነው፣ ያናድዳል፣ ጊዜም ይፈጅብሻል።

እስከዚያው ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ሆቴሎችን አንኳኪ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ አላታልልሽም። ግን የሆቴል ኩሽና የሥራ ልምድ ከያዝሽ ነገ በምግብ ባለሙያነት ልታመለክቺ ትችያለሽ፣ ያኔ ሰው ቤት ማደርም አይኖርብሽም።

ለዛሬ ግን አንድ ነገር፦ ፓስፖርትሽን ወይም የትምህርት ማስረጃሽን ለደላላው ሰጥተሽው ከሆነ ሰው ይዘሽ ሄደሽ ተቀበዪው። የፈረምሽው ወረቀት ካለም ፎቶውን ላኪልኝ።