ከቁጥሩ በፊት ምክንያቱን ጻፉ

ዳኝነት ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

ብዙ ሰው ከባዱ ነገር "ጥፋተኛ" ማለት ይመስለዋል። እኔን ግን ሁሌም የከበደኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ማስረጃውን መዝናችሁ ጨርሳችኋል። ሕጉ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይላል። መሃል ያለው 7 ዓመት በእናንተ እጅ ነው፤ ዕድሜው ግን የሌላ ሰው ነው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ወጣት ላይ 5 ዓመት ፈረድኩ። ምክንያቴ "የወንጀሉን ክብደትና የጥፋተኛውን የግል ሁኔታ ከግምት በማስገባት" የምትል፣ የትኛውም መዝገብ ላይ ብትገለብጧት የምትሠራ ዓረፍተ ነገር ነበረች። እናቱ ኮሪደር ላይ ጠብቃ "ጌታዬ፣ ልጄ ማጥፋቱን አምኛለሁ፤ ግን ለምን 4 አልሆነም?" አለችኝ። ዳኛ ስለ መዝገብ ኮሪደር ላይ አያወራም ብዬ አለፍኳት። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ይግባኝ ቢባልስ? ስህተቴን የሚፈልግ ሰው የሚይዘው ነገር አልጻፍኩም።

ሁሉንም እኩል ቅጡ እያልኩ አይደለም። ፍቅደ ሥልጣን፣ ማለትም በሕጉ ወሰን ውስጥ ቅጣቱን መዝነን የመምረጥ ሥልጣን፣ የተሰጠን እርቦት የሰረቀና ስርቆትን መተዳደሪያው ያደረገ አንድ ስላልሆኑ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ የፌዴራል ዳኞችን በቅጣት መመሪያ አሰረቻቸው፤ በ2005 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መመሪያው ምክር እንጂ አስገዳጅ አይደለም አለ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

ግን በራሳችሁ ሚዛን ከልክ በላይ አትተማመኑ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የጀርመን ጥናት፣ የሕግ ባለሙያዎች የአንድ የሱቅ ስርቆት ጉዳይ አንብበው ሁለት ዳይስ እንዲጥሉ ተደረገ፤ ዳይሱ ድምሩ 3 ወይም 9 ብቻ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነበር። 9 የወጣላቸው በአማካይ 8 ወር ገደማ፣ 3 የወጣላቸው 5 ወር ገደማ ወሰኑ። በጣም ያስደነግጣል! ችሎት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጆሯችን ቀድሞ የሚሰማው ቁጥር ዐቃቤ ሕጉ የጠየቀውን ነው።

ስለዚህ የቁጥሩን ቦታ ባዶ ተዉት። ምን አከበደው፣ ምን አቀለለው፣ ጠበቃው ካነሳው የቱን አልተቀበላችሁም፣ ለምን? መጀመሪያ ይህን ጻፉ። አንዳንዴ ምክንያቱ ተጽፎ ሲያልቅ በልባችሁ የያዛችሁት ቁጥር ላይ አያደርሳችሁም። ያኔ ቁጥሩን ለውጡ።

ስታነቡም ምክንያቱን አስቀድሙ፣ ቀስ ብላችሁ። ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው ቁጥሩን ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር አይሰማም።